ሩጫው ሲተወኝ፦ የሱሉልታ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ከልምምድ በኋላ ሱሉልታ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ልጆቹ የጠየቁኝንና የመለስኩትን ነው የጻፍኩት። ለማያውቀኝ፦ ስምንት ዓመት በክለብ 5,000 ሜትር ሮጫለሁ፣ ሜዳሊያ የለኝም፣ ዛሬ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ የአሥራ አንድ ሰው ቡድን እመራለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሩጫውን ተውከው ወይስ ተወህ?

ተወኝ። የተረከዜ ጅማት ሁለት ጊዜ ከተጎዳ በኋላ ክለቤ ውሌን አላደሰልኝም። የነገረኝም የለም፤ ደመወዝ ልቀበል ሄጄ ስሜ ከዝርዝሩ ወጥቶ አገኘሁት። 26 ዓመቴ ነበር።

ጥያቄ፦ ኮምፒዩተሩን ከየት አመጣኸው? እኔ ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት።

ከእጅ ሰዓቴ። ተጎድቼ ስቀመጥ ሰዓቱ የመዘገበውን የልብ ምት፣ ርቀትና የዙር ሰዓት ኤክሴል ላይ መገልበጥ ጀመርኩ፣ ቀጥሎ የጓደኞቼንም። ትንሽ ቆይቶ አሰልጣኛችን ማን እንደደከመ እኔን ይጠይቀኝ ጀመር። ስሙን ሳላውቀው የዳታ ሥራ እየሠራሁ ነበር ማለት ነው። ኮድ፣ ማለትም የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ፣ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ በተዋስኩት ላፕቶፕ። ለእናንተ ይቀላል፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና በኢንተርኔት ነው፣ በነፃ ነው። አንተ ግን መጀመሪያ ትምህርትህን በማታ ጨርስ፣ እንግሊዝኛህንም አጠንክር። እኔን አንድ ዓመት ያስቀረኝ ኮዱ አይደለም፣ እንግሊዝኛው ነው።

ጥያቄ፦ ሯጭ ጥሩ መሪ ይሆናል ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ ወሬ ነው። መታገስ፣ በሰዓት መገኘት፣ ሲቆጡህ አለማኩረፍ፣ እነዚህን ከሜዳ ይዤ መጥቻለሁ። ግን ሜዳ የሚያስተምርህ አንተ እንድትቀድም ነው። ኃላፊ በሆንኩ በመጀመሪያው ዓመት የቡድኔ ልጆች ሲዘገዩ ማታ ቁጭ ብዬ ሥራቸውን ራሴ እጨርስ ነበር። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ። ስድስት ወር ሳይሞላ ሁለቱ ለቀቁ፤ አንደኛዋ ስትወጣ እዚህ የምሠራው ነገር የለም አለችኝ።

ያኔ አንድ የአውሮፓ ውድድር ትዝ አለኝ። አሯሯጭ ሆኜ ነበር የሄድኩት፤ ሌሎቹ እንዲከተሉኝ ከፊት ሆኜ ፍጥነቱን የምጠብቅላቸው፣ ከዚያ የምወጣ። ሥራዬ እስከ 3,000 ሜትር እያንዳንዱን ዙር በ64 ሰከንድ መውሰድ ነው፤ ያ ፍጥነት እስከ መጨረሻው ከተያዘ 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያስገባል። እኔ ግን እግሬ ቀሎኝ ሦስተኛውን ዙር በ61 ሄድኩ። ዞር ስል የተከተለኝ የለም፣ ሠላሳ ሜትር ብቻዬን ነኝ። ማናጀሩ ከሜዳ ስወጣ ጠብቆ «ለማን ነው የምትሮጠው?» አለኝ። ገንዘቤንም ቆረጠ። ሁለቱ ልጆች ከለቀቁ በኋላ ቢሮ ውስጥ ራሴን የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። አሁን ሰኞ ሰኞ የሳምንቱን ሥራ ከቡድኑ ጋር እንከፋፈላለን፣ ከዚያ እጄን እሰበስባለሁ። መሰብሰቡ ከ5,000 ሜትር ይከብዳል፣ ዛሬም።

ጥያቄ፦ ከቡድንህ አንዱ ቢደክም ትጠብቀዋለህ?

በ1996 ዓ.ም. የአቴንሱን 10,000 ሜትር ታስታውሳላችሁ? እናንተ አልተወለዳችሁም መሰለኝ። ቀነኒሳና ስለሺ ተጎድቶ የነበረውን ኃይሌን ዞር እያሉ ያዩት ነበር፣ ፍጥነትም ቀንሰውለታል። ሊመጣ እንደማይችል ሲያዩ ግን ሄዱ፤ ወርቁና ብሩ የኛ ሆነ፣ ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። እኔም እጠብቃለሁ፣ ግን ሥራው እስኪወድቅ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከሩጫ ተነስቶ በቴክኖሎጂ የተሳካለት ሰው አለ?

እዚሁ ሱሉልታ ያለውን የሯጮች ማሠልጠኛና ሆቴል፣ ያያ ቪሌጅን፣ በየቀኑ በደጁ ታልፋላችሁ። ከኃይሌ ጋር ያቋቋመው ዮሴፍ ክቡር ካናዳ ውስጥ ሯጭ ነበር፤ ቫንኩቨር ላይ ኔትኔሽን የተባለ ድረ ገጾችን የሚያስተናግድ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ነው።

ጥያቄ፦ ደመወዙስ?

ስጀምር ከክለቡ ያነሰ ነበር። የሽልማት ገንዘብ ደግሞ እዚህ የለም።

ጥያቄ፦ እኔ 19 ዓመቴ ነው። ሁለቱን ላስኬድ እችላለሁ?

በቀን ሁለት ጊዜ ልምምድ ካለሽ መሃሉ የእንቅልፍ ነው፣ አትንኪው። ማታ አንድ ሰዓት ይበቃሻል፤ ውድድር ሲቃረብ እሱንም ተዪው። ሩጫውን አቁሚ የሚልሽን ግን አትስሚ፣ ጅማትሽ ደህና ነው።

ጥያቄ፦ ከቤት ስትሠራ መብራት ሲጠፋስ ምን ታደርጋለህ?

ጫማዬን አድርጌ ወደ እንጦጦ ጫካ እወጣለሁ። በዚህ ወር ብዙ ሮጫለሁ።