የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወደ ሴቶች ራግቢ ዓለም ዋንጫ የሚያስገቡት ሦስት በሮች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍሎች። በ2025 እንግሊዝ ባስተናገደችው የሴቶች ራግቢ ዓለም ዋንጫ 16 ቡድኖች ተካፍለዋል። የተመረጡት እንዴት ነው? እንደ እግር ኳሱ በየአህጉሩ ረጅም ማጣሪያ አለ?

መልስ፦ በዚህ አምድ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንናገር። እንደ እግር ኳሱ ዓመታት የሚፈጅ ማጣሪያ አልነበረም። ቡድኖቹ የገቡት በሦስት በር ነው።

የመጀመሪያው በር ያለፈው ዓለም ዋንጫ ውጤት ነው። የ2021ዱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተገፍቶ በ2022 ኒውዚላንድ ላይ ሲካሄድ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሱት ኒውዚላንድ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ካናዳ ናቸው። አራቱም ያለ ማጣሪያ አለፉ። እንግሊዝ አስተናጋጅም ስለሆነች ለእሷ ተጨማሪ ቦታ መያዝ አላስፈለገም።

ሁለተኛው በር በ2024 የተካሄዱት የአህጉርና የቀጣና ውድድሮች ሲሆኑ ስድስት ቦታ ነበራቸው። ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን፣ ጃፓን የእስያን፣ ፊጂ የኦሺኒያን ውድድር አሸንፈው ገቡ። ብራዚል ኮሎምቢያን ረትታ ከደቡብ አሜሪካ ለሴቶች ዓለም ዋንጫ የበቃች የመጀመሪያዋ ሀገር ሆነች። የቀሩት ሁለቱ ግን ዋንጫ አልበሉም። አየርላንድ ስድስት የአውሮፓ ቡድኖች በየዓመቱ በሚገናኙበት ሲክስ ኔሽንስ፣ አሜሪካ ደግሞ ከኒውዚላንድ፣ ከካናዳና ከአውስትራሊያ ጋር በምትወዳደርበት ፓሲፊክ ፎር ሦስተኛ ነበሩ። ከእነሱ በላይ የጨረሱት ቀድመው ያለፉ ስለነበሩ ቦታው ለቀጣዩ ቡድን ወረደ። ስለዚህ ሰንጠረዥ ሲያዩ መጀመሪያ ያለፉትን ሀገሮች ስም ይሰርዙ፤ እውነተኛው ፉክክር የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው በር ደብሊው ኤክስ ቪ የሚባለው ውድድር ነው፤ እሱም ስድስት ቦታ ነበረው።

ጥያቄ፦ አውስትራሊያ በዚያው በ2024 ሜልበርን ላይ በአሜሪካ 32 ለ 25 ተሸንፋለች። ታዲያ እንዴት አለፈች?

መልስ፦ በሦስተኛው በር ነው። ደብሊው ኤክስ ቪ በ2023 የተጀመረ፣ 18 ቡድኖችን በሦስት እርከን፣ በየእርከኑ ስድስት ስድስት አድርጎ ያወዳደረ፣ የዓለም አቀፉ የራግቢ ማኅበር የወርልድ ራግቢ ውድድር ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ጨዋታ ያደርግ ነበር። የ2024ቱ የመጀመሪያው እርከን ካናዳ፣ ሁለተኛው ደቡብ አፍሪካ፣ ሦስተኛው ዱባይ ላይ ተካሄደ።

አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። በመጀመሪያው እርከን የነበሩት ስድስቱም ቀድመው አልፈዋል። በሁለተኛው ጃፓንና ደቡብ አፍሪካ ስላለፉ አራት ቀሩ፤ አውስትራሊያ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ጣሊያን። በሦስተኛው ያለፈችው ፊጂ ብቻ ስትሆን ስፔን፣ ሳሞአ፣ ሆንግ ኮንግ፣ ኔዘርላንድስና ማዳጋስካር ቀሩ። ዘጠኝ ቡድን ለስድስት ቦታ ማለት ነው። በመጨረሻ አራቱ የሁለተኛው እርከን ቡድኖች በሙሉ፣ ከሦስተኛው ደግሞ ስፔንና ሳሞአ ገቡ። አንገት ለአንገት የተናነቁት ዱባይ ላይ የነበሩት ናቸው።

በእኛ እምነት ይህ ሁለተኛ ዕድል ተገቢ ነበር። አውስትራሊያ በቀጣናዋ የገጠሟት ኒውዚላንድ፣ ካናዳና አሜሪካ ናቸው። በአንድ ሽንፈት ብትቀር ኖሮ ከእሷ የሚያንሱ ቡድኖች ተሳትፈው እሷ ቤቷ ትቀመጥ ነበር። በሁለተኛው እርከን አንደኛ ሆና መጨረሷም ይህንኑ ይመሰክራል።

ጥያቄ፦ ቡድን ተሸንፎም ነጥብ ያገኛል ሲባል ሰምቼ ግራ ገባኝ። የነጥብ አሰጣጡን ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ልክ ሰምተዋል። በደረጃ ሰንጠረዡ ማሸነፍ 4 ነጥብ፣ አቻ መውጣት 2 ነጥብ ያስገኛል። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ቦነስ አለ። አራትና ከዚያ በላይ ትራይ (ኳሷን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት) ያስቆጠረ ቡድን ቢያሸንፍም ቢሸነፍም 1 ነጥብ ይጨመርለታል፤ በ7 ወይም ከዚያ በታች በሆነ ልዩነት የተሸነፈም 1 ነጥብ ያገኛል። በጨዋታው ውስጥ ትራይ 5፣ ከትራይ በኋላ የሚመታው ኮንቨርዥን 2፣ ቅጣት ምት 3 ነጥብ መሆኑን ካስታወሱ የ7 ልዩነት ትርጉም ግልጽ ይሆናል፤ አንድ ትራይ ከነኮንቨርዥኑ ማለት ነው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በ10 ነጥብ የሚመራ ቡድን ቅጣት ምት ሲሰጥበት ተሸናፊው ወደ ጎል መምታቱ ብዙ ተመልካች ያስገርማል። ጨዋታውን አያሸንፍበትም፣ ልዩነቱን ግን ወደ 7 አውርዶ አንድ የሰንጠረዥ ነጥብ ይዞ ይወጣል።

በአጭር ማጣሪያ ይህ ነጥብ ዕጣ ይወስናል። ለ2021ዱ ዓለም ዋንጫ ለማለፍ በመስከረም 2021 በጣሊያኗ ከተማ ፓርማ ጣሊያን፣ ስኮትላንድ፣ አየርላንድና ስፔን ለአንድ ቀጥተኛ የአውሮፓ ቦታ ተጫወቱ። አየርላንድ ጣሊያንን 15 ለ 7 አሸንፋ ሳለ ያለፈችው ጣሊያን ናት። ጣሊያን ስኮትላንድን 38 ለ 13፣ ስፔንን 34 ለ 10 ስትረታ አየርላንድ በስፔን 8 ለ 7፣ በስኮትላንድ 20 ለ 18 ተሸነፈች። የመጨረሻውን ሽንፈት ያመጣው በጨዋታው ማብቂያ ላይ የተመታ ኮንቨርዥን ነው። ሁለቱ የጠበቡ ሽንፈቶች ለአየርላንድ ሁለት የቦነስ ነጥብ ሰጧት፤ አንድ ድል የሚያስገኘውን ግን አይተኩም። ሁለተኛ የወጣችው ስኮትላንድ በቀጣዩ ማጣሪያ ዱባይ ላይ ኮሎምቢያን 59 ለ 3 አሸንፋ የመጨረሻውን ቦታ ወሰደች፤ አየርላንድ ቀረች። በ2023 ሲክስ ኔሽንስን በመጨረሻ ደረጃ የጨረሰችው ይህችው አየርላንድ፣ በ2024 ስኮትላንድን ቤልፋስት ላይ 15 ለ 12 አሸንፋ ወደ እንግሊዝ የሚወስደውን ቦታ መያዟ በእውነት የሚያስደስት ነው።

ነጥብ እኩል ሲሆን ሁሉም ውድድር አንድ ዓይነት መለያ አይጠቀምም። በዓለም ዋንጫው ምድብ መጀመሪያ የሚታየው እርስ በርስ ሲጫወቱ ያሸነፈው ማን ነው የሚለው ነው፤ በሲክስ ኔሽንስ ግን የነጥብ ልዩነት ይቀድማል። የውድድሩን ደንብ ሳያዩ ማን እንዳለፈ አይገምቱ።

ጥያቄ፦ ሴት አያቷ በሌላ ሀገር የተወለደች ተጫዋች ለዚያ ሀገር መሰለፍ ትችላለች? ፓስፖርቱ ግን የላትም።

መልስ፦ ትችላለች። በወርልድ ራግቢ ደንብ ዋናው ጥያቄ ፓስፖርት አይደለም። ተጫዋቿ ራሷ፣ ከወላጆቿ አንዱ ወይም ከአያቶቿ አንዱ በዚያ ሀገር መወለዱ ይበቃል። ይህ ከሌለ በዚያ ሀገር የራግቢ ማኅበር ብቻ ለ60 ተከታታይ ወራት ተመዝግባ መቆየት ወይም በድምሩ 10 ዓመት እዚያ መኖር ይጠበቅባታል። ቀድሞ የሚጠየቀው 36 ተከታታይ ወር እዚያ መኖር ነበር።

ለአንድ ሀገር ዋና ቡድን የተሰለፈች ተጫዋች ከ2022 ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ መቀየር ትችላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ከዓለም አቀፍ ጨዋታ መራቅና ከአዲሱ ሀገር ጋር በትውልድ፣ በወላጅ ወይም በአያት መተሳሰር ግዴታ ነው። እዚያ በመኖር ብቻ መቀየር አይቻልም።

ፌዴሬሽኖች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ማስረጃው ላይ ነው። የልደት ምስክር ወረቀቱ ዋናው ቅጂ፣ የመኖሪያ ጊዜ ከሆነ ደግሞ የመግቢያና የመውጫ ማኅተሞች አንድ በአንድ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት መመርመር አለባቸው። የስፔን የወንዶች ቡድን ለ2023 ዓለም ዋንጫ ካለፈ በኋላ፣ የመኖሪያ ዘመኑን ያላሟላ አንድ ተጫዋች በሁለት ጨዋታ በማሰለፉ 10 ነጥብ ተቀንሶበት ቦታው ለሩማንያ ተሰጠ። የሌሎቹ ተጫዋቾች ልፋት ሁሉ መና ቀረ። ለሴቶቹም የሚሠራው ይኸው ደንብ ነው።

ጥያቄ፦ የአፍሪካ ድርሻ አንድ ቦታ ብቻ ነው?

መልስ፦ ለ2025 በቀጥታ የተሰጠው አንድ ነበር። አንታናናሪቮ ላይ ደቡብ አፍሪካ፣ ማዳጋስካር፣ ኬንያና ካሜሩን ተጫውተው ደቡብ አፍሪካ ወሰደችው። ሁለተኛዋ ማዳጋስካር በደብሊው ኤክስ ቪ ሦስተኛ እርከን ሌላ ዕድል አገኘች፤ አልተሳካላትም። ደቡብ አፍሪካ ግን እንግሊዝ ላይ ጣሊያንን 29 ለ 24 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩብ ፍጻሜ ገባች።