መልስ፦ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው እናቴ ጋር የፋሲል ግቢን በግማሽ ቀን ማየት ይቻላል?

አዎ፣ ግማሽ ቀን ይበቃል። ግን ሁሉንም ግንብ ለመጨረስ አትሩጥ፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ የዙሪያ አጥሩ ብቻ 900 ሜትር ይሆናል።

1. ፀሐይ ሳይበረታ ከዐፄ ፋሲል ግንብ ጀምር። ምድር ቤቱን አብራችሁ እዩ፤ እሳቸው ፎቁ ላይ ባይወጡ ይሻላል።

2. ቀጥሎ የአድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ። በመሬት መንቀጥቀጥና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ ቦምብ ስለተጎዳ ጣሪያ የለውም። ውስጡ ቆመህ ቀና ስትል ሰማዩ ይታይሃል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው።

3. የፋሲል መዋኛ ከግቢው ውጭ፣ ከከተማው መሀል ወጣ ብሎ ነው፤ በባጃጅ ሂዱ።

ጫማቸውን ግን አደራ! አክስቴን በነጠላ ጫማ ወስጃቸው፣ ካፊያ ያረጠበው ደረጃ ላይ አዳለጣቸው። ክንዳቸውን ባልይዝ ኖሮ ወድቀው ነበር።