አረቄ ለመተው ብቻዬን አቃተኝ፤ ከማን ጋር ልቁም?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከፍኖተ ሰላም አቅራቢያ ነው የምጽፍልዎ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጧትም ማታም አረቄ ጠጥቻለሁ። ሁለት ጊዜ በሚካኤል ተገዝቼ አፈረስሁ፤ አሁን የንስሐ አባቴን ዓይን ማየት አፈርሁ። እንደኔ ካሉ ሰዎች ጋር ተሰባስቦ መተው ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። እኛ አገር ይህ ከየት ይገኛል? ወይስ ግሽ ዓባይ ሄጄ ብጠመቅ ይበቃል? ማኅበሬንስ እንዴት ላድርግ? ቁርባኑስ ወይን አይደለም ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ስማኝ፤ ነገ ጧት ተነሥተህ ባንድ ጊዜ አታቁም። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ አንጎል የአረቄውን ማደንዘዣ ተደግፎ ነው የሚውለው፤ ድጋፉ በድንገት ሲነሣ ከልክ በላይ ይነቃል። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ የሚያንዘፈዝፍ ሊመጣ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊከተል ይችላል፤ ሕክምና ካላገኘ ሰው ይሞትበታል። ይህ ጠበል ቦታ ላይ ሲደርስ “መንፈሱ ጮኸ” ተብሎ ሰዓቱ ያልፋል። የሚያስፈራኝ ይኸ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ሂድ፤ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገህ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወደ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ይልኩሃል። በቀን ስንት መለኪያ እንደምትጠጣ፣ ተራ ይሁን ዳግም፣ የመጨረሻውን መቼ እንደጠጣህ ሳትደብቅ ንገራቸው። ቀንሰህ ከተናገርህ መድኃኒቱም ያንስሃል። ብዙውን ጊዜ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት መጠኑን እየቀነሱ ይሰጣሉ፤ ቫይታሚን ቢ1ም ይጨምሩልሃል፣ አረቄ እሱን ከሰውነት ስለሚያራቁት። በዚያ መድኃኒት ላይ አረቄ መጠጣት ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጠበሉን አልከለክልህም። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር ያለው እግዚአብሔር ስለፈጠረው ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜም ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብራችሁ ውሰዱ ብለው አስተምረዋል። ግሽ ዓባይ ግን መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ፣ ሰው አስከትለህ፣ ኪኒንህን ይዘህ ሂድ። በመጀመሪያው ሳምንት አትጹም፤ ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ ይህንንም ለንስሐ አባትህ ንገር።

አሁን ስለ ስብስቡ። በ1927 ዓ.ም. አሜሪካ፣ አክረን በምትባል ከተማ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ቀዶ ሐኪም፣ ሁለቱም መጠጥ ያሸነፋቸው፣ ተቀምጠው መነጋገር ጀመሩ። አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለው ኅብረት ከዚያ ወጣ። ክፍያ የለውም፤ ለመግባት መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ይበቃል፤ የአባል ስም አይወጣም። ቀን ቆርጦ መሰብሰብ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ያዕቆብም “እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ” ብሏል (5፥16)።

ለእንዲህ ያለ ስብስብ ሰው የምታገኘው በሁለት በር ነው። በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለውን ነርስ የሌሎችን ስም አትጠይቀው፤ የራስህን ስልክ ትተህ “መተው ለሚፈልግ ስጥልኝ” በለው። ሁለተኛው የንስሐ አባትህ ናቸው፤ የሌላውን ኑዛዜ አይነግሩህም፣ ግን ፈቃደኛውን ጠይቀው ሊያገናኙህ ይችላሉ። ሦስት ሰው ይበቃል። በወር ሳይሆን በሳምንት ተገናኙ፤ አምሮቱ ወር አይጠብቅም። ቀኑ የገበያ ቀን ማታ ቢሆን እመርጣለሁ፤ እህል ሸጦ ገንዘብ በኪሱ ይዞ የአረቄ ቤቱን ደጅ የሚያልፍበት ሰዓት ነውና። ቦታው የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል፣ ካልሆነም የጠላ ጋን የሌለበት ቤት ይሁን። ጸሎት አድርሳችሁ እያንዳንዱ ሳምንቱን ይናገር፤ ሌላው አያቋርጠው፣ አይገሥጸው። ስልክ ተለዋወጡ። አምሮቱ ሲነሣ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል፤ ያንን ግማሽ ሰዓት ከአንዱ ጋር እያወራህ፣ ቆሎ እየቆረጠምህ አሳልፈው፤ ባዶ ሆድ ያብሰዋልና። እንዲህ ያለውን ስብስብ የሚያፈርሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የተነገረው ውጭ መውጣቱና አባላት ገንዘብ መበዳደራቸው።

ማኅበርህን አትተው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ወሮች ግን ለሙሴው ነግረህ ጸበል ጻዲቁን ቀምሰህ ቶሎ ውጣ። አሳላፊው ጠላውን ይዞ ሲመጣ ባዶ ብርጭቆ ፊትህ አይኑር፤ ቀድመህ ውኃ ወይም የተልባ ውኃ አስቀዳ። “በሞቴ” ሲሉህ የብርጭቆውን አፍ በመዳፍህ ክደንና “መድኃኒት ላይ ነኝ” በል፤ እውነትም ነህ። ቅራሪም ያው ጠላ ነው፣ ሌላ አይምሰልህ። ብርዝም የዛሬው ይሁን፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል። አረቄ የምታወጣዋን ሴትም አትርገም፤ ብዙዎቹ ልጅ የሚያሳድጉበት ነው፤ መንገድህን ብቻ ለውጥ።

ሦስተኛ ግዝት አትገዘት። ሰው ግዝት ሲያፈርስ “አንዴ ጠፍቻለሁ” ብሎ ከበፊቱ አብልጦ ይጠጣል። በግዝት ፋንታ የዛሬን ቀን ብቻ ያዝ። ብትወድቅ በዚያው ቀን ለአንዱ ጓደኛህ ንገር። ለሳምንታት ከተውህ በኋላ ድሮ የለመድኸው መጠን ሊጥልህ እንደሚችልም እወቅ። ያፈረስኸውን ግዝት ለንስሐ አባትህ ተናገር፤ እሳቸው ይፈቱሃል፣ የሚሰጡህ ቀኖናም እንደ አቅምህ ይሆናል።

ቁርባኑ አያስፈራህ። በቤተ ክርስቲያናችን ለቅዳሴው የሚቀርበው ከዘቢብ ነው፤ ዘቢቡ በቤተልሔም ውኃ ውስጥ ርሶ ይጨመቃል፣ እንደ ጠጅ ተጠንስሶ አይፈላም። ንስሐህን ፈጽመህ ቅረብ።