ባንኩ «የደህንነት ሰርተፊኬት አምጡ» ሲላችሁ

ጥያቄ፦ ስድስት ሆነን ለቁጠባና ብድር ማህበራት የሚሆን ሲስተም ሠርተናል። አባላት በስልካቸው ሂሳባቸውን ያያሉ፣ ብድር ይጠይቃሉ። ከኤፒአዩ (ሲስተሞች እርስ በርስ መረጃ ከሚለዋወጡበት መግቢያ) ጋር ሊያገናኘን የተስማማ አንድ ባንክ አሁን «መጀመሪያ የደህንነት ፍተሻ ሰርተፊኬት አምጡ» አለን። ሁለት ድርጅቶች ዋጋ ሰጥተውናል፤ አንዱ በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ይላል፣ ሌላው ስምንት የሥራ ቀን ይፈልጋል፣ ዋጋውም አምስት እጥፍ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው? ምንስ እናዘጋጅ?

መልስ፦ ለማንም ሳትከፍሉ ባንኩን በጽሑፍ «የማንን ሰርተፊኬት ነው የምትቀበሉት?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ አንድ ቃል ሦስት ነገር ይጠራል። አይኤስኦ 27001 ለድርጅቱ አሠራር የሚሰጥ ነው። ኦኤስሲፒን የመሰለው የፈታሹን ሰው ችሎታ ያሳያል። እናንተን የሚመለከታችሁ ለራሱ ለሲስተሙ የሚሰጠው የፍተሻ ማረጋገጫ ነው። እሱንም ቢሆን ባንኩ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፣ በተለምዶ ኢንሳ ከምንለው፣ እንዲመጣ ይፈልግ ወይም የግል ድርጅት ሪፖርት ይበቃው እንደሆነ ሳታውቁ ብትከፍሉ ሁለቴ ልትከፍሉ ትችላላችሁ።

የአንድ ቀኑ ድርጅት የሚሸጥላችሁ ስካን ነው። ዛፕን ወይም ኔሰስን የመሰለ መሣሪያ ሲስተሙ ላይ ይለቅና ያረጀ ሶፍትዌር፣ የጎደለ ሄደር (ሰርቨሩ ለብሮውዘሩ የሚልከው የደህንነት መመሪያ)፣ መቋረጥ የነበረበት የቲኤልኤስ (የግንኙነት ማመስጠሪያ) 1.0 እና 1.1 ለቅሞ ያወጣል። ይህ ጥቅም አለው፤ ግን ዛፕ ነፃ ስለሆነ ራሳችሁ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ስካን የማያየው የሥራውን ሕግ ነው፤ የቱ ሂሳብ የየትኛው አባል እንደሆነ መሣሪያው አያውቅም። የሶፍትዌር ደህንነት ላይ የሚሠራው ኦዋስፕ የተባለ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የአሥር ዋና ዋና ክፍተቶች ዝርዝር አንደኛ ያደረገው ይህንኑ የመዳረሻ ቁጥጥር (ማን ምን ማየትና ማድረግ እንደሚችል የመወሰን) ችግር ነው። አባል፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሥራ አስኪያጅና አድሚን ላሉት ሲስተም ስምንት ቀን የተጋነነ አይደለም። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከመፈረሜ በፊት ግን የደንበኛው ስም የተሰረዘበት የናሙና ሪፖርት አሳዩኝ እላለሁ። እያንዳንዱ ግኝት የተላከውን ጥያቄ፣ ከሰርቨር የመጣውን መልስና ድጋሚ የሚሞከርበትን ደረጃ ካልያዘ እሱም ስካን ነው፣ በውድ ዋጋ።

የመዳረሻ ቁጥጥሩን እናንተው አስቀድማችሁ ሞክሩት። ሁለት የሙከራ አባላት ክፈቱ፣ ሀ እና ለ በሏቸው። በሀ ገብታችሁ የብድር ዝርዝሩን ስትከፍቱ የብሮውዘሩን ኤፍ12 ተጭናችሁ ኔትወርክ የሚለውን እዩ። ጥያቄው መጨረሻ ላይ 1042 የሚል የብድር ቁጥር አለው እንበል። የአባል «ሀ»ን ቶክን (ሰርቨሩ የገባውን ሰው የሚለይበትን ኮድ) እንደያዛችሁ ቁጥሩን የአባል «ለ» ወደሆነው 1043 ቀይራችሁ ላኩት። 403 (አልተፈቀደም) ወይም 404 (አልተገኘም) ከመጣ ደህና ነው። 200 (ተሳክቷል) ብሎ የአባል «ለ»ን ብድር ካሳያችሁ ወድቃችኋል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሰርቨሩ «ገብቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «የራሱ ነው ወይ?» አይልም። መፍትሔው ዳታቤዙ ሲጠየቅ የብድር ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ከቶክኑ የተወሰደው የአባል መለያም አብሮ እንዲጣራ ማድረግ ነው። ቁጥሩን በረጅም የማይገመት መለያ መተካት መደበቅ እንጂ መዝጋት አይደለም። ገጹ ተስተካክሎም የሚረሱ ቦታዎች አሉ፦ ፒዲኤፍ ማውረጃው፣ ወደ ኤክሴል መላኪያው፣ እንዲሁም ለሞባይሉ ብቻ የተሠራው ኤፒአይ። በአባል ቶክን የአድሚኑን አድራሻ መጥራትንም አትዝለሉ፤ የሚጫነውን የአድሚን ቁልፍ ከገጹ ላይ መደበቅ ክልከላ አይደለም።

ቀጥሎ ኦቲፒ፣ ማለትም ለመግቢያ ወደ ስልክ የሚላከው የአንድ ጊዜ ኮድ። አራት አሃዝ ከሆነ 10,000 ዕድል ብቻ ነው ያለው፤ በሰከንድ 20 የሚሞክር ስክሪፕት በ500 ሰከንድ፣ ማለትም ከዘጠኝ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሁሉንም ይጨርሰዋል። ስድስት አሃዝ አድርጉት፣ ከአምስት ስህተት በኋላ ይቆለፍ፣ በአምስት ደቂቃ ይሙት። ብዙ ዴቨሎፐር የሚሳሳተው የስህተት ቆጣሪውን በአይፒ (በኢንተርኔት አድራሻው) ላይ ሲያስር ነው፤ አይፒ በቀላሉ ይቀየራል፣ ስለዚህ በስልክ ቁጥሩ ላይ እሰሩት። «እንደገና ላክ» የሚለው ሲነካ ቆጣሪው ወደ ዜሮ እንዳይመለስም እዩ። ኮዱ ራሱ በሰርቨሩ መልስ ውስጥ ተመልሶ የሚመጣበት ሲስተምም አለ፤ ለሙከራ ተብሎ ገብቶ ሳይወጣ የቀረ ነው።

ሰርቨሩን ከቢሮ ኔትወርክ ሳይሆን በሞባይል ዳታ ሆናችሁ ኤንማፕ በተባለው መሣሪያ ሁሉንም 65,535 ፖርት (የኔትወርክ በር) ፈትሹ፤ የቢሮው አይፒ ተፈቅዶለት ከሆነ እውነተኛውን መልክ አታዩም። ሰርቨሩ የተከራያችሁት ከሆነ አከራዩን አስቀድማችሁ አሳውቁ። ለውጭ ክፍት መሆን ያለበት የኤችቲቲፒኤሱ 443 ነው፣ ወደ እሱ ለማዞር ብቻ ደግሞ 80። የዳታቤዝ በሮች የሆኑት 3306 እና 6379 ወይም የዊንዶውስ የርቀት መግቢያው 3389 ከታየ ያኔውኑ ዝጉት፤ የሰርቨሩን የርቀት መግቢያ 22ን በቪፒኤን ብቻ አድርጉት። ዲበግ ሞዱ (ስህተትን በዝርዝር የሚያሳየው የሙከራ ሁኔታ) መጥፋቱን፣ የኮዱ ታሪክ የተቀመጠበት የጊት ፎልደር በብሮውዘር አለመከፈቱን፣ የይለፍ ቃል በቀላሉ በሚሰበረው ኤምዲ5 ሳይሆን በአርጎን2አይዲ ወይም በቢክሪፕት መቀመጡን አረጋግጡ።

ፍተሻው ዋናው ሲስተም ላይ አይካሄድ። ቁርጥ ተመሳሳይ የሆነ ቅጂ አዘጋጁ፣ ውስጡ ግን የፈጠራ ስምና ሂሳብ ይሁን፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ስላለ የአባላትን እውነተኛ መረጃ ለፈታሽ መስጠት ሌላ ጣጣ ያመጣል። ለእያንዳንዱ ሚና ሁለት ሁለት አካውንት ስጡ፤ አንድ ብቻ ከሰጣችሁ ከላይ ያለውን የሀ እና የለ ሙከራ ማድረግ አይቻልም። የፈታሹን አይፒ ፋየርዎሉ እንዳያግደው አስፈቅዱ፤ አለዚያ ስምንቱ ቀን ፋየርዎሉን በመፈተሽ ያልቃል። የሲስተሙን አሠራርና የመረጃ ፍሰት የሚያሳይ ሥዕልም ይጠየቃል።

ውሉ ላይ የሚፈተሹት አድራሻዎች በስም፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሁለታችሁም ፊርማ ይኑርበት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 በአንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል ያደርጋል፤ ፈቃዱ ከሌለ ፈታሹ ቅን መሆኑ አያድነውም። የባንኩ ኤፒአይ የእናንተ ስላልሆነ ባንኩ ራሱ ካልፈቀደ ከስኮፑ (ከሚፈተሹት ዝርዝር) ይውጣ። ድጋሚ ፍተሻ በዋጋው ውስጥ መኖሩንም አጽፉ። ሪፖርቱ በሲቪኤስኤስ (የክፍተትን አደገኛነት ከ0 እስከ 10 በሚለካ) ነጥብ ይመጣል፤ 9.0 እና ከዚያ በላይ አስጊ፣ ከ7.0 እስከ 8.9 ከፍተኛ ነው። ሁለቱን ሳታስተካክሉ ባንኩ ጋ ባትሄዱ ይሻላል። የመጨረሻው ማረጋገጫ የተፈተሸውን ቨርዥንና ቀን ይጥቀስ፤ የክፍያ ክፍሉን በቀየራችሁ ማግስት ያ ወረቀት የሚያወራው ስለ ሌላ ሲስተም ነው።

ለባንኩ የምትሰጡት ማረጋገጫውንና ማጠቃለያውን ነው። ሙሉው ሪፖርት ሲስተማችሁ በየት በኩል እንደሚገባበት የሚያሳይ ካርታ ስለሆነ በቴሌግራም ግሩፕ አታዘዋውሩት፤ ፋይሉን ቆልፋችሁ የይለፍ ቃሉን በስልክ ተናገሩ።