«ኮስሞስ»ን ያዩ የጎጃም አንባቢዎቻችን ይጠይቃሉ

ባለፈው እትማችን «ኮስሞስ» ስለተባለው፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደገና ስለተሠራው የሳይንስ ዘጋቢ ተከታታይ ፊልም አጠር ያለ ጽሑፍ ካወጣን ወዲህ ከጎጃም አንባቢዎቻችን በርከት ያሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ፊልሙን በዲሽ የተከታተለም፣ በፍላሽ አስገልብጦ ያየም አለ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድነት አጣምረን መልስ ሰጥተናል። «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዘመናቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ የድሮውንና የአዲሱን «ኮስሞስ» የመጀመሪያ ክፍሎች ለተማሪዎች አሳየናቸው። አዲሱን ወደዱት፤ የድሮውን ግን ገና ሳይጋመስ ማዛጋት ጀመሩ። እኔና የዕድሜ እኩዮቼ በበኩላችን አዲሱ ሙዚቃውና ብልጭልጩ በዝቶበታል እንላለን። ጥሩ ሆኖ የተሠራ ነገር እያለ እንደገና መሥራት ለምን አስፈለገ? የትኛውስ ይሻላል?

መልስ፦ የመጀመሪያው «ኮስሞስ» በ1980 በአሜሪካው የሕዝብ ቴሌቪዥን በፒቢኤስ የታየ፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሴጋን ከአን ድሩያንና ከስቲቨን ሶተር ጋር ጽፎ ራሱ ያቀረበው ባለ13 ክፍል ሥራ ነው። ሴጋን በ1996 ዐረፈ። በ2014 የታየውን፣ እርሱም 13 ክፍሎች ያሉትን አዲሱን ፊልም የጻፉት እነዚያው ድሩያንና ሶተር ሲሆኑ ያቀረበው የሥነ ፈለክ ሊቁ ኒል ደግራስ ታይሰን ነው። በመጀመሪያው ክፍል ማብቂያ ላይ ታይሰን የሴጋንን የ1975 የቀጠሮ መያዣ ገልጦ የራሱን ስም እንደሚያሳይ ያስታውሱ ይሆናል። ታይሰን በዚያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሴጋንም ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ድረስ ጋብዞ ቤተ ሙከራውን ያስጎበኘው ያኔ ነው።

እንደገና የተሠራበትን ምክንያት ለማየት ሁለቱ ፊልሞች የሚጠሯቸውን ቁጥሮች ማስተያየት ይበቃል። ሴጋን ስለ ዩኒቨርስ ዕድሜ ሲናገር 15 ቢሊዮን ዓመት ይላል፤ ታይሰን ደግሞ 13.8 ቢሊዮን ይላል። በ1980 የሊቃውንቱ ግምት ከ10 እስከ 20 ቢሊዮን ይዋልል ስለነበር ሴጋን መካከለኛውን መያዙ የሚያስወቅሰው አይደለም። ሀብል የተባለው የኅዋ ቴሌስኮፕ የመጠቀው በ1990 ነው፤ ፀሐያችንን የምትመስል ኮከብ የምትዞር ሌላ ፕላኔት መኖሯ የተረጋገጠው በ1995 ነው፤ የዩኒቨርስ መስፋት እየፈጠነ እንደሚሄድ የታወቀውም በ1998 ነው። እንግዲህ ሴጋን «ሌሎች ፕላኔቶች ይኖራሉ» ብሎ በተስፋ የተናገረውን ታይሰን በመረጃ ሊናገረው ችሏል።

ስለ ጩኸቱና ስለ ጥድፊያው ግን ከእርስዎ ጋር ነን። የድሮው እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን አዲሱ ፎክስ በተባለው የንግድ ጣቢያ ማስታወቂያ ጣልቃ እየገባበት የታየ በመሆኑ ከ43 ደቂቃ ብዙም አይዘልም። ከእያንዳንዱ ክፍል ሩብ ያህሉ ሲቀነስ በመጀመሪያ የሚጎዳው ተመልካቹ ቆም ብሎ የሚያስብበት ፋታ ነው። ፍርዳችንን ከጠየቁን፣ ለመረጃ አዲሱ፣ ለማሰብ ደግሞ የድሮው ይሻላል እንላለን።

ጥያቄ፦ የፍኖተ ሰላም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አቅራቢው የሚጓዝባት መንኩራኩር ኅዋ ውስጥ ሽው ስትል ትሰማለች፤ አየር በሌለበት ድምፅ የለም ተብለን ተምረናል። ደግሞም በማርስና በጁፒተር መካከል ስታልፍ አስትሮይዶቹ (ፀሐይን የሚዞሩት ዐለቶች) ከግራና ከቀኝ ሊያደቅቋት ይደርሳሉ። እውነት እንዲህ የተጠጋጉ ናቸው?

መልስ፦ ሁለቱንም በትክክል አይተሻል። ድምፁ ለጆሮ ማጣፈጫ የገባ ነው። አስትሮይዶቹም በመካከላቸው በአማካይ ወደ አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ስላለ፣ አንዱ ላይ ተቀምጠሽ ሌላውን በዓይንሽ ብትፈልጊ ማየትሽ ያጠራጥራል። እውነተኞቹ የምርምር መንኩራኩሮች ያን የአስትሮይዶች ቀበቶ አንዳች ነገር ሳይነካቸው ያለፉት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ነቀፌታ በአሜሪካ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ሰንዝረውታል።

ጥያቄ፦ ከደብረ ወርቅ ነው የምጽፈው። ፊልሙ ዝግመተ ለውጥን በማስተማሩ በአሜሪካ ተቃውሞ ገጥሞታል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ድጋፉም ተቃውሞውም ነበረበት። የመጀመሪያው ክፍል ሲጀምር በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ባራክ ኦባማ አጭር የመግቢያ ንግግር አድርገዋል። በኦክላሆማ የሚገኝ አንድ ጣቢያ በበኩሉ ስለ ሰው ዝግመተ ለውጥ የሚናገሩትን ጥቂት ሰከንዶች በዜና ማስታወቂያ ሸፍኖ አሳልፏቸዋል። ጣቢያው የሠራተኛ ስሕተት ነው ብሏል፤ ያላመነው ተመልካች ግን ብዙ ነበር። ዓለም የተፈጠረችው ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት ነው የሚሉ ወገኖችም ለእነርሱ አስተያየት እኩል ሰዓት እንዲሰጥ ጠይቀው አልተሰጣቸውም።

ጥያቄ፦ የሞጣ ነዋሪ ነኝ፤ በአብነት ትምህርት አድጌ ኋላ በዘመናዊው የቀጠልሁ ሰው ነኝ። በመጀመሪያው ክፍል ጆርዳኖ ብሩኖ የተባለ መነኩሴ ዓለማት ብዙ ናቸው በማለቱ በእሳት እንደተቃጠለ በካርቱን ሥዕል ይታያል። ልጆቼ ይህን አይተው «ሃይማኖት የዕውቀት ጠላት ነው ማለት ነው?» አሉኝ። ታሪኩ እንደተነገረው ነው? ፊልሙ የሚለው 13.8 ቢሊዮን ዓመትስ ከእኛ ዓመተ ዓለም ጋር እንዴት ይታረቃል?

መልስ፦ ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉ ይህ ከባዱ ነው፤ በእኛ አስተያየትም የአዲሱ «ኮስሞስ» ደካማ ጎን የሚገኘው ከሳይንሱ ይልቅ በታሪክ አተራረኩ ላይ ነው።

ብሩኖ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። የዶሚኒካን መነኩሴ ነበር፤ በየካቲት 1600 ሮም ውስጥ ካምፖ ዴ ፊዮሪ በተባለው አደባባይ ተቃጥሏል። ይህ በምንም ቃል የማይሸፈን ጭካኔ ነው። ነገር ግን የቀረበበት ክስ ፊልሙ ከሚያሳየው ይበልጥ የተወሳሰበ ነበር፦ ምሥጢረ ሥላሴን፣ የክርስቶስን አምላክነት፣ የእመቤታችንን ድንግልና፣ ምሥጢረ ቁርባንን ክደሃል ተብሏል፤ የዓለማት ብዛትም ከክሶቹ አንዱ ነበር። ክፍሉ በታየ ሰሞን የታሪክ ሊቃውንት ቅሬታ ያነሡት በዚህ ነው። ፊልሙ ራሱ ብሩኖ ሳይንቲስት እንዳልነበረ፣ ያየውም በዕድል የገጠመ ግምት እንደሆነ ይናገራል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ግን ከእሳቱ ሥዕል በኋላ ማን ያስታውሰዋል?

ለልጆችዎ የሚነግሩት ሌላም አለ። ምድር ፀሐይን ትዞራለች ያለው ኮፐርኒከስ በአንድ ካቴድራል የሚያገለግል የቤተ ክርስቲያን ሹም ነበር፤ በ1543 የታተመውን መጽሐፉንም መታሰቢያነቱን ለሮማው ሊቀ ጳጳስ አድርጎታል። ከብሩኖ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ስለ ሌሎች ዓለማት የጻፈው ኒኮላስ ዘኩሳ ካርዲናል ሆኖ ነው የሞተው። እንግሊዛዊው ቶማስ ዲግስ በ1576 ከዋክብት መጨረሻ በሌለው ስፋት ተበትነው የሚታዩበትን ሥዕል አሳትሞ ማንም አልነካውም። እነዚህ ሰዎች ቢጨመሩ ታሪኩ እውነተኛ ይሆን ነበር፤ ግን አንድ ጻድቅና አንድ ጨካኝ ያለበት ካርቱን አይወጣውም።

ስለ ዘመን ቁጥሩ፣ ሁለቱን በግድ ማስታረቅ ለሁለቱም አይበጅም ባዮች ነን። 13.8 ቢሊዮኑ ከልኬት የመጣ ነው፤ ዩኒቨርስ በምን ፍጥነት እንደሚሰፋና ከመጀመሪያው ዘመን የቀረው ደካማ ጨረር ምን እንደሚመስል ተለክቶ የተሰላ ነው፤ ፕላንክ የተባለው ሳተላይትም በ2013 አጽንቶታል። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረው 5500ው ዘመን ደግሞ አባቶች ከመጻሕፍት ደምረው በዓላትንና አጽዋማትን የሚያወጡበት መነሻ ነው። ሥራቸው ለየብቻ ነው።

ይሁንና የባሕረ ሐሳብ (የዘመንና የበዓላት ስሌት) ሰዎች ሰማይን ሳይለኩ አልኖሩም፤ ይህን እርስዎ ከእኛ የበለጠ ያውቁታል፤ ለሌሎች አንባቢዎች ግን የ2018 ዓ.ም.ን ስሌት እናሳይ። 5500 ሲደመር 2018 ሲሆን 7518 ነው። ይህን ለ19 ሲያካፍሉት 13 ይተርፋል፤ አንዱን ስለ ዘመን ሲተዉ 12 ይቀራል፤ ይህ ወንበር ይባላል። 12 በ11 ሲባዛ 132፣ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ አበቅቴ ይህ ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፣ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት መጥቅዕ ይህ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። 19ኙ ቁጥር እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር ልክ ለመሆን ጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚለያዩ ነው። ይህን ስሌት ያቆዩልን የአብነት ጉባኤ ቤቶች መሆናቸውን ልጆችዎ ቢያዩ ለጥያቄያቸው ከእኛ መልስ ይልቅ ይረዳቸዋል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የዩኒቨርስን ዕድሜ በአንድ ዓመት ጠቅልሎ ያሳየበትን ካላንደር ልጆቼ በጣም ወደውታል፤ ነገር ግን ጃንዋሪና ዲሴምበር አይገባቸውም። በእኛ ወራት ቢሰላ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀምጠንበታል። 13.8 ቢሊዮኑን ዓመት ለ365 ቀናት ብናካፍለው አንድ ቀን ወደ 38 ሚሊዮን ዓመት፣ አንድ ሰከንድ ደግሞ ወደ 438 ዓመት ይሆናል። ዩኒቨርስ መስከረም 1 ሲጀመር ይፈጠር እንበል። ከዚያ በኋላ መስቀልም፣ ጥምቀትም፣ ዐቢይ ጾምም ያልፋሉ፤ ምድራችን ግን ገና አልኖረችም። ፀሐይና ምድር የሚገኙት በግንቦት የመጀመሪያው ሳምንት ነው። የታወቁት ጥንታውያን የሕይወት ቅሪቶች የሰኔ መግቢያ ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያም ክረምቱን በሙሉ የምድር ነዋሪዎች በአብዛኛው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው።

ጳጉሜን እዚህ ላይ ነው የምትጠቅመው። ዳይኖሰሮች በነሐሴ 29 ቀን ገደማ ብቅ ብለው ጳጉሜንን ሲገዙ ይቆዩና በጳጉሜን 4 ማለዳ ይጠፋሉ። የጎጃም ደጋ የቆመበትና በዓባይ ሸለቆ ወደ ደጀን ስንወጣ በገደሉ አናት የምናየው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ዐለት ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ስላለው፣ የፈሰሰው ለጳጉሜን 5 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው ማለት ነው። ሉሲ (ድንቅነሽ) በ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ በዚያው ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ትገኛለች። እኛን የሚመስል ሰው የመጣው ዓመቱ እኩለ ሌሊት ላይ ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። ከክርስቶስ ልደት ወዲህ ያለው ዘመን አምስት ሰከንድ አይሞላም። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይን ካየበት እስከ ዛሬ ያለው ዘመን ደግሞ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሆንም። ልጆችዎ ይህን በግድግዳ ካላንደር ላይ በቀለም ቢያሰምሩበት ጥሩ ነው፤ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ያለው ባዶነት ያስገርማቸዋል።

ጥያቄ፦ በቡሬ የአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ተጠሪ ነኝ። መብራት ይቆራረጣል፤ እንግሊዝኛውም ለተማሪዎቹ ይፈጥንባቸዋል። 13ቱንም ለማሳየት ስለማንችል ሁለት ክፍል ብቻ ብትመርጡልን?

መልስ፦ ክፍል 7ን እና ክፍል 8ን እንመርጣለን። ክፍል 7 የክሌር ፓተርሰን ታሪክ ነው። ፓተርሰን የምድርን ዕድሜ ከሰማይ ከወደቀ ዐለት ለክቶ በ1956 4.55 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን አሳወቀ። በዚያው ሥራ ላይ ሳለ ናሙናዎቹን የሚበክልበት ሊድ (እርሳስ የተባለው ብረት) ከየት እንደሚመጣ ሲያጣራ፣ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው ሊድ የዓለምን አየር እየመረዘ መሆኑን ደረሰበት፤ ከነዳጅ ኩባንያዎችም ጋር ለዓመታት ተሟገተ። ሊድ ያለበትን ቤንዚን ለተሽከርካሪ መሸጥ ያቆመችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ስትሆን ይህም በ2021 ነበር። ስለዚህ ታሪኩ ለተማሪዎቹ ሩቅ አይደለም።

ክፍል 8 ለሴት ተማሪዎችዎ ነው። ሲሲሊያ ፔን በ1925 በመመረቂያ ጽሑፏ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅንና ሂሊየም እንደሆኑ ስታሳይ፣ በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው ሄንሪ ኖሪስ ራስል ይህ ሊሆን አይችልም አላት፤ እርሷም በጽሑፏ ውጤቱን የሚያለዝብ ቃል ጨመረች። ከአራት ዓመት በኋላ ራስል በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰና ትክክለኛነቷን አመነ።

ስለ ቋንቋው፣ ሳያቋርጡ ከማሳየት ይልቅ በየስምንትና በየአሥር ደቂቃው አስቁማችሁ አንድ ተማሪ ያየውን በአማርኛ ለጓደኞቹ እንዲተርክ አድርጉ። አንዱ ክፍል ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ መብራት ቢሄድም ያቆማችሁበት ይታወቃል። ከማሳየታችሁ በፊት ሊድ፣ ጨረርና አቶም የሚሉትን ቃላት በሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ብታብራሩላቸው የእንግሊዝኛው ፍጥነት ብዙም አያስቸግራቸውም።