የድሮዋ የስኪ ጀልባ ለምን ትሞቃለች? ጉልበቷስ የት ገባ?

ጥያቄ፦ በቂርቆስ የሚኖሩ አንድ አንባቢ እ.ኤ.አ. በ1986 የተሠራች፣ ባለ ስምንት ሲሊንደርና 5.8 ሊትር የፎርድ ቤንዚን ሞተር ያላት፣ ሰውን በውሃ ላይ በስኪ እያንሸራተተች የምትጎትት የስኪ ጀልባ አለቻቸው። በግቢያቸው ውስጥ በተሳቢ ላይ ያቆሟታል፤ ሲመቻቸውም ወደ ላንጋኖ ወስደው ከወዳጆቻቸው ጋር በአንድ ስኪ የሚሠራውን ስላሎም ይጫወቱባታል። ጀልባዋ በዝግታ ስትሄድ ደህና ናት፤ ሰው እየጎተተች በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሮጥ ግን የሙቀት መለኪያው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከ70 ወደ 95 ዲግሪ ይወጣል። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲሰጣትም በደቂቃ ከ3,700 ዙር አታልፍም፤ ኪሎው ከበድ ያለውን ወዳጃቸውንም በአንድ ስኪ ከውሃ ውስጥ ማንሳት አቅቷታል። አዲስ አበባ ውስጥ ያሳዩት መካኒክ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ለክተው ከ106 እስከ 114 ፒ.ኤስ.አይ ስላገኙ፣ «150 መሆን ነበረበት፤ ፋሻዎቹ (የፒስተኑ ቀለበቶች) አልቀዋልና ሞተሩ ወርዶ ይታደስ» ብለዋል፤ እስከዚያው እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት እንዲወጣም መክረዋል። አንባቢያችን ሞተሩን ያስወርዱ እንደሆነ፣ የደከመውንም ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሣውን) ከሶማሌ ተራ በሚገኝ የመኪና ሞተሪኖ መተካት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ በላኳቸው ቁጥሮች ላይ ተመሥርቼ ስናገር ሞተሩን ለማስወረድ የሚያበቃ ምክንያት አላየሁም። እንዲያውም ከጻፉልኝ ነገር ሁሉ ደስ የሚያሰኘው ይኸው ኮምፕሬሽኑ ነው። 150 የሚለው ልክ ሞተሩ በባሕር ወለል ላይ ሆኖ አየር ሲስብ የሚያሳየው ነው። ቂርቆስ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ የሚስበው አየር አስቀድሞ የሳሳ ስለሆነ፣ ሲወጣ የሚያምቀውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የ150 ሦስት አራተኛ 112 ወይም 113 ነው፤ የእርስዎ ሲሊንደሮች ከ106 እስከ 114 ማሳየታቸው አርባ ዓመት ለሚጠጋው ሞተር የሚያስመሰግን ነው። ይኸው ሞተር በ1,585 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው ላንጋኖ ዳር ቢለካ ወደ 124 ይጠጋል። ይህ ስሌት በመኪናም ላይ በየጋራዡ ይዘነጋል፤ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚፈታውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በኮምፕሬሽን ልኬት ከነጠላው ቁጥር ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። ዝቅተኛው ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ በታች ሲወርድ ያሳስባል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ብቻቸውን ወርደው ከተገኙ ደግሞ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን ማለትም ማሸጊያው ይጠረጠራል። የአንዱ ሲሊንደር ልክ ሲያጠራጥር በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት አፍስሶ እንደገና መለካት ነው፤ ቁጥሩ በግልጽ ከጨመረ ፋሻው ደክሟል፣ ካልጨመረ ግን ነገሩ ከቫልቩ ወይም ከጓርኒሲዮኑ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ስምንቱም ካንዴላዎች ወልቀው፣ የኮይሉ ገመድ ተነቅሎና የካርቡሬተሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ሲለካ ነው። በሩ ተዘግቶ የተለካ ኮምፕሬሽን ደህናውን ሞተር በሽተኛ ያስመስላል።

ሙቀቱና የጉልበቱ ማነስ የአንድ ችግር ሁለት ምልክቶች ቢመስሉም፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ምክንያት የመጡ ስለሚመስለኝ ለየብቻ አያቸዋለሁ። አስቸኳዩ ሙቀቱ ነው። ላንጋኖ ላይ ውሃ በ95 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ መለኪያዎ 95 ሲል ሞተሩ ውስጥ እንፋሎት መፈጠር ጀምሯል ማለት ነው። እንደዚህ እያሉ ጥቂት ቅዳሜና እሑድ ቢቀጥሉ ቴስታታው ይጣመምና ዛሬ የማያስፈልገው እድሳት ያን ጊዜ የግድ ይሆናል። ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ መለኪያው 80 ሲያልፍ ፍጥነት ቀንሰው ወደ ዳር ይመለሱ።

በዝግታ ደህና ሆኖ በፍጥነት የሚሞቅ የጀልባ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣው ውሃ ነው። የእነዚህ የድሮ ጀልባዎች ሞተር እንደ መኪና በራዲያተር አይቀዘቅዝም፤ የሐይቁ ውሃ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ባለው ወንፊት ገብቶ፣ የካምቢዮውን ዘይት በሚያቀዘቅዘው አካልና በፓምፑ በኩል አልፎ፣ ሞተሩን ዞሮ፣ በመጨረሻም በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። የካምቢዮው ማቀዝቀዣ በአንዳንዱ ጀልባ ከፓምፑ በፊት፣ በሌላው በኋላ ይገኛል። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ የሚመስለው በውስጡ በተንሳፈፈው እጅግ የላመ ደለል ነው፤ ያ ደለል በዚህ መንገድ ሁሉ ያልፋል፣ ፓምፑ ውስጥ ያሉትን የጎማ ክንፎችም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳቸዋል።

ስለዚህ ሥራውን ከፓምፑ ይጀምሩ። ክዳኑን የያዙትን ብሎኖች ፈትተው እነዚህ የጎማ ክንፎች ያሉበትን ኢምፔለር ያውጡት። ጀልባዋ ለወራት ግቢ ውስጥ ስትቆም ክንፎቹ በታጠፉበት ይቀራሉ፤ ሥራቸው ላይ ስንጥቅ ካለ፣ ጫፋቸው ከተበላ ወይም ሲለቋቸው ቀጥ ካላሉ ይቀየሩ። የክዳኑንም ውስጣዊ ገጽ በጣትዎ ይዳስሱት፤ በደለል የተቦረቦረ ከሆነ አዲስ ኢምፔለር ቢገባም በደንብ አይስብም፣ ቶርኖ ቤት ወስደው ያስደልድሉት። አንድ ክንፍ ጎድሎ ካገኙት የተቆረጠው ጎማ የሆነ ቦታ ተወሽቋልና ከፓምፑ በኋላ ያሉትን ቱቦዎች እስከ ቴርሞስታቱ ቤት ድረስ ፈትተው ይፈልጉት። ለወደፊቱም ማንም ሰው «ትነሣ እንደሆነ እንያት» ብሎ ግቢ ውስጥ ያለ ውሃ እንዳያስነሣት አደራ፤ ይህ ጎማ ለግማሽ ደቂቃ እንኳ ደርቆ ቢዞር ይቃጠላል።

ቀጥሎ ከጀልባዋ ሆድ እስከ ፓምፑ ያለውን የመሳቢያ ቱቦ ይመልከቱ። ያረጀ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሽፋኑ ይላቀቃል፤ በዝግታ ውሃ ያሳልፋል፣ ሞተሩ ሲጮህና መሳቡ ሲበረታ ግን እርስ በርሱ ተጣብቆ ይዘጋል። የእርስዎ ምልክት ከዚህ ጋር በትክክል ይገጥማል፤ ከኢምፔለሩ ቀጥሎ የምጠረጥረውም እርሱን ነው። የሚተካው ቱቦ በውስጡ የተጠማዘዘ ሽቦ ያለው መሆን አለበት፤ ለመኪና ራዲያተር የሚሸጠው ለስላሳ ቱቦ ለመሳቢያነት አይሆንም። ቱቦውን የሚያጠብቁት ፋሼታዎችም ይጥበቁ፣ በላላ ፋሼታ አየር ይገባልና።

ሦስተኛው ቦታ ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ነው። የእነዚህ ጀልባዎች መመሪያ ክረምት ሲገባ በሞተሩ ብሎክ ግራና ቀኝ እንዲሁም በጭስ ማውጫ ማኒፎልዶቹ ሥር ያሉት የማፍሰሻ ብሎኖች ተከፍተው ውሃው እንዲፈስ ያዝዛል። ይህ የተጻፈው ውሃው በረዶ ሆኖ ብረቱን እንዳይሰነጥቀው ስለሆነ፣ የአዲስ አበባ ባለቤት አይመለከተኝም ብሎ ያልፈዋል። እኛ ዘንድ ግን ብሎኖቹን ለደለሉ ሲባል መክፈት ያስፈልጋል። በየጉዞው የገባው ጭቃ በብሎኩ ግርጌ ይረጋል፤ ዓመታት ሲያልፉ ይጠጥራል፣ የታችኛውንም የሲሊንደር ክፍል ከውሃ ይለየዋል። ብሎኖቹን ይክፈቱ፤ ምንም ካልፈሰሰ ውሃ የለም ማለት ሳይሆን ቀዳዳው ተደፍኗል ማለት ነውና በሽቦ እየወጉ፣ በውሃም እያጠቡ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ይቀጥሉ። ከላንጋኖ በተመለሱ ቁጥር ይህን ቢያደርጉ መልካም ነው።

ማጠቡንም ሆነ ሙከራውን ለውሃ ወረፋ ብለው ግቢዎ ባስቀመጡት 200 ሊትር በርሜል መሥራት ይቻላል፤ የመሳቢያውን ቱቦ በርሜሉ ውስጥ ከተው ሞተሩን ያስነሡና ራሱ ይሳብ። የቧንቧ ውሃ በግፊት አስገብተው ሞተሩን ቢያጠፉ ግን ውሃው በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሲሊንደሮቹ ሊመለስ ይችላል። በየብስ ላይ ሳለች ማርሽ አያስገቡ፤ የፕሮፔለሩ ዘንግ የሚያርፍበት የጎማ ኩሽኔታ የሚለሰልሰው በሐይቁ ውሃ ብቻ ነው።

ቴርሞስታቱን ማውጣት መፍትሔ አይደለም። ሐይቅ ለሚጠጣ ሞተር የተሠራው ቴርሞስታት ከ60 እስከ 71 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይከፈታል፤ እርሱ ከሌለ ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ቤንዚንና እርጥበትም ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላሉ፣ የውሃው እጥረት ግን እዚያው ይቀራል። ከተጠራጠሩት በድስት ውስጥ በሚሞቅ ውሃ ይሞክሩትና ካልተከፈተ በአዲስ ይተኩት።

የሞተሪኖው ጥያቄ አጭር መልስ አለው፤ የመኪናውን አይግጠሙ። ቅርጹ ሊመሳሰል፣ ብሎኑም ልክ ሊገባ ይችላል። የቤንዚን ትነት ግን ከአየር ስለሚከብድ በጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ የጀልባ ሞተሪኖ በውስጡ የሚፈጠረው ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳይደርስ ተደፍኖ ሲሠራ የመኪናው ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። ለዲናሞውም፣ ለዲስትሪቢውተሩም፣ ለቤንዚን ፓምፑም እንዲሁ ነው። ከዚህም ሌላ አንዳንድ የጀልባ ሞተሮች ከመኪናው በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። የራስዎን ሞተሪኖ ካርቦን አስቀይረው ማሳደስ ይሻላል። ሁልጊዜም ከማስነሣትዎ በፊት የሆዱን አየር ማውጫ ማራገቢያ ለአራት ደቂቃ ያህል ያሠሩት።

አሁን ወደ ጉልበቱ ልምጣ። በዚያን ዘመን ይህ ሞተር በስኪ ጀልባዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ 240 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ በላንጋኖ ከፍታ ግን አየሩ ራሱ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ስለሚቀንስበት ከ200 ብዙም አያልፍም። ይህን እድሳት አይመልሰውም። የሚቀረው ያለውን ጉልበት አለማባከን ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በከፍታ ላይ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ከለበሱና ጭሱ ከጠቆረ ምክንያቱ ይህ ነው። የተለመደው ልክ በየ600 ሜትሩ የዋናውን ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) ቁጥር በአንድ መቀነስ ስለሆነ ለላንጋኖ ሁለት ቁጥር መውረድ ይበቃል። ነገር ግን ይህን አዲስ አበባ ውስጥ በጆሮ እያስተካከሉ እንዳይጨርሱት! እዚህ ልክ የሆነ ቅልቅል 750 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ደግሞ ጭነት ሲይዝ ቫልቭና ፒስተን ያቃጥላል። ስለዚህ የመጨረሻው ማስተካከያ፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ ጭምር፣ ሐይቁ ዳር ይሠራ። እስከዚያው ድረስ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣ፣ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ማንም ሰው ከኋላ ባለው መሳፈሪያ ላይ አይቀመጥ።

ስለ ስላሎሙ ደግሞ፣ ወዳጅዎ ለጊዜው በሁለት ስኪ ተነሥተው አንዱን ቢጥሉ ወይም ጭራው ሰፋ ያለ ስኪ ቢጠቀሙ ሞተሩ ይቀለዋል፤ ለመዝናኛም 18.25 ሜትር የሆነው ሙሉ ገመድና በሰዓት 46 ወይም 49 ኪሎ ሜትር ይበቃል። የፍጥነት መለኪያውን ግን አይመኑት። በእነዚህ ጀልባዎች ፍጥነት የሚለካው ውሃ በቀጭን ቱቦ ውስጥ በሚያሳድረው ግፊት ስለሆነ፣ ደለል የደፈነው መለኪያ ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል፤ ነጂውም ሳያውቀው ሞተሩን ከሚገባው በላይ ያስጨንቀዋል። ቱቦውን በቀጭን ሽቦ አጽድተው በስልክዎ ጂፒኤስ ያመሳክሩት። ስድስቱ ተንሳፋፊ ምልክቶች ያሉበትን መደበኛ መስመር ዘርግተው እንደሆነ ከመግቢያው በር እስከ መውጫው 259 ሜትር ነው፤ ጀልባዋ ይህን በ19 ሰከንድ ከጨረሰች ፍጥነቷ በትክክል 49 ነው።

ካርቡሬተሩ ተስተካክሎም ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተሰጥቶ ዙሩ ከ4,000 በታች ከቀረ የቀረው ፕሮፔለሩ ነው። በእምብርቱ ላይ የተቀረጹትን ሁለት ቁጥሮች ያንብቡ፤ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው በአንድ ዙር ሊጓዘው የሚገባው ርቀት ነው፣ ሁለቱም በኢንች። ለምሳሌ 13 በ13 የሚል ከሆነ 13 በ12 ወይም 13 በ11 ቢገጥሙ ከላይኛው ፍጥነት ጥቂት ቀንሶ ሰውን ከውሃ የማንሳቱ ጉልበት በግልጽ ይጨምራል፤ ስላሎም ለሚጫወት ሰው ይህ የሚያዋጣ ለውጥ ነው። ፕሮፔለሩ ከውጭ አገር የሚመጣና ለመመለስ የሚያስቸግር ዕቃ ስለሆነ፣ ከማዘዝዎ በፊት የዘንጉን ውፍረት በካሊፐር ይለኩ፣ ከጀልባዋ ኋላ ቆመው ሲያዩም በቀኝ ይሁን በግራ የሚዞረው ያረጋግጡ። አዲሱ ተገጥሞ ጀልባዋ ውሃ ላይ ለአንድ ቀን ካደረች በኋላ የዘንጉና የካምቢዮው መጋጠሚያ ገጾች ዙሪያውን በስስ መለኪያ ይፈተሹ፤ በመካከላቸው ያለው የክፍተት ልዩነት ከ0.08 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም።