መሣሪያው አልጠፋም፣ ጠረጴዛው ነው የተቀየረው

የ4ኛ ዓመት ሜካኒካል ተማሪ ነሽ፣ አውቶካድ የሚባለውን የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራም ትችያለሽ። ሶሊድወርክስ የሚባለውን የ3ዲ ንድፍ ፕሮግራም መግዛት ስላልተቻለ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራውን ነጻውን ፍሪካድ ጫንሽ። ከዚያ «ከላይ ያለችውን ዝርዝር በነካሁ ቁጥር መሣሪያዎቹ ይጠፉብኛል፣ ይሄን ሁሉ ሳልችል ሥራ ላመልክት?» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

አይዞሽ እህቴ፣ ምንም አልጠፋብሽም። አንድ ብረታ ብረት ቤት ግቢና እይ። ቶርኖው ጥግ ላይ ነው፣ ፍሬዛው ሌላ ጥግ፣ ብየዳው በር አካባቢ። ቶርኖ ላይ የቆመው ሰው የብየዳ ዘንግ አጠገቡ አያስቀምጥም፣ ምን ያደርግለታል? ፍሪካድም እንደዚያው ነው፤ ያቺ ዝርዝር የወርክቤንቾች፣ ማለትም የሥራ ጠረጴዛዎች ዝርዝር ናት፣ ስትቀይሪያት የሠራሽው ዕቃ ባለበት ይቆያል፣ እጅሽ ሥር ያለው መሣሪያ ብቻ ይለወጣል።

ስኬቸር በሚባለው ወርክቤንች ላይ መስመር ትስያለሽ፣ ልኬትና ገደብ ትሰጫለሽ፣ ሁሉም ሲታሰር ቀለሙ አረንጓዴ ይሆናል። ፓርት ዲዛይን ያንን ስዕል ወደ ጠጣር አካል ይለውጣል። ቴክድሮ የወርክሾፕ ስዕል ያወጣል፣ ፌም ዕቃው ጭነት ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን ይፈትሻል፣ ካም ለሲኤንሲ (በኮምፒውተር ለሚታዘዝ) ማሽን ኮድ ይጽፋል፣ ቢም የህንጻ ሰዎች ነው፣ እሱን ተዪው። ክፍሎችን የሚገጣጥመው አሴምብሊ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ገደማ ከወጣው ስሪት 1.0 ጀምሮ አብሮ ይመጣል።

ወጥመዱ ያለው ፓርት እና ፓርት ዲዛይን ላይ ነው። ስማቸው ይመሳሰላል፣ አካሄዳቸው ግን ለየቅል። ፓርት ሳጥንና ሲሊንደር እያጋጠመ ወይ እየቀነሰ ይሠራል። ፓርት ዲዛይን አንድ አካል ይዞ ደረጃ በደረጃ ይጨምርበታል፣ ይቆርጥበታል። እኔ ስጀምር ሁለቱን አደባልቄ ስንት ቀን እንደተሠቃየሁ አትጠይቂኝ። አንቺ በፓርት ዲዛይን ጀምሪ።

ሶሊድወርክስ የሚል ማስታወቂያ ስታዪ አትሽሺ። እዚያ መሣሪያዎቹ የተከፋፈሉት ከላይ ባሉ ታቦች ነው፦ ስኬች፣ ፊቸርስ፣ ሺት ሜታል። ፍሪካድ ላይ ፓድ ያልሽው (ስዕሉን አወፍሮ ጠጣር የሚያደርገው) እዚያ ኤክስትሩድድ ቦስ ይባላል፣ ፖኬት (በስዕሉ ቅርጽ የሚቆርጠው) ደግሞ ኤክስትሩድድ ከት። የምታውቂው አውቶካድ እንኳ ለ2ዲና ለ3ዲ ሥራ የተለያየ ዎርክስፔስ (የሥራ ገጽ) አለው፣ ያላስተዋልሽው ምናልባት ነክተሽው ስለማታውቂ ነው። ግን ያልሠራሽበትን ሠርቻለሁ አትበዪ፤ ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጡሻል፣ በቃ፣ ያኔ ይታወቃል።

ስለዚህ ሁሉን ለመልመድ አትሩጪ፣ መጀመሪያ ሥራውን ምረጪ። ላሜራ የሚያጥፍ ድርጅት ካሰብሽ ሺት ሜታል የሚባለውን ተጨማሪ ወርክቤንች ፍሪካድ ውስጥ ካለው የተጨማሪዎች መጫኛ፣ ከአድኦን ማኔጀር ጫኚ፣ የታጠፈውን ዘርግቶ የመቁረጫ ቅርጹን ይሰጥሻል። ፌምን ግን ለቀለሙ ስትዪ ሲቪ ላይ አትጻፊ። የውጤቱ ቀይና ሰማያዊ ያምራል፣ ጠያቂው «የትኛውን ፊት ነው ያሰርሽው? ለምን?» ካለሽ ግን መልስ ይኑርሽ።

አሁን አንድ ቀላል የላሜራ ድጋፍ ሥሪ፣ በቴክድሮ ከነልኬቱ አውጪና አትመሽ ብየዳ ቤት ላለ ባለሙያ አሳዪው። ምንም አትናገሪ። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅሽ መሥራት ከቻለ ያንን ወረቀት ከሲቪሽ ጋር አያይዢው፣ ከጠየቀሽ ደግሞ የጠየቀሽን ልኬት ጨምሪና እንደገና ሂጂ።